በሁለት ላሜራ መካከል

መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ አለምሰገድ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላኩልኝን ደብዳቤ እንግዳው የሚባለው ሹፌር በሃያ ሁለተኛው ቀን አደረሰልኝ። ላብ አርሶት የፖስታው ጥግ ለቅቋል፤ ጽሑፍዎ ግን ይነበባል። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከአገሬ የሚመጣልኝ ድምፅ የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ለፋሲካ ለምን ቀረሽ ብለውኛል። በየት በኩል ልምጣ ጋሼ? ለሦስት ወር ብዬ የመጣሁበት አገር ስምንት ወር ሞላኝ። የጎንደሩ መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ስድስት ቀን ይዘጋል፤ ሲከፈትም የሚያልፈው በእጀባ የሚሄድ የጭነት መኪና ብቻ ነው። በወዲያኛው በኩል ድልድዩን ከተሻገሩ ጋላባት ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጦርነት ሸሽቶ ነው። አለቆቼ ለስብሰባ ጎንደር እንደወጡ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀሩ። እኔ እዚህ አንድ ጉድጓድ እጠብቃለሁ።

ጉድጓዱ ከሱዳን የሚመጡት ስደተኞች ከሚጠቀሙባቸው መጸዳጃ ቤቶች የሚወጣው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ነው። ቀድሞ መምጠጫው ቦቴ እየቀዳ ከከተማ ራቅ አድርጎ ይደፋው ነበር። አሁን ቦቴው ኬላውን እንዳያልፍ ተከለከለ። በጋውን አሸዋ ላይ እያሰጣን ፀሐይ አደረቀልን። ክረምቱ ሲገባ ግን ምን ላድርግ? ጉድጓዱ ሊሞላ ሁለት ክንድ ቀርቶታል። ሰባ እርምጃ ወረድ ብሎ ጅረት አለ፤ የጅረቱ ዳር ድንኳን በድንኳን ነው፤ የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ ሰዉ የሚቀዳው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። የእርሻ ትራክተር የሚያስቆመው የለም፤ በማሳዎቹ መካከል በጭቃው መንገድ እንደልቡ ይመላለሳል። ዝቃጩ ውሃውን ቢለቅልኝ በጆንያ ሞልቼ በተሳቢ አስወጣው ነበር። እርስዎ ያኔ በወርክሾፑ የሠሩት ማሽን፣ ዝቃጩን በሁለት ላሜራ መካከል አድርገው ኤሌክትሪክ ሲለቁበት ውሃው ተለይቶ የሚወጣው፣ የእሱን ስዕል ይላኩልኝ። ወንድሜ ደምለው የሞተበት ማሽን መሆኑን ረስቼው አይደለም። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።

ተማሪዎ ዝናሽ

ጎንደር፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዝናሽ፤

ደህና መሆንሽን በማወቄ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልሆንኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ የት ይሄድበታል። እናትሽ ወይዘሮ አሰበች ደህና እንደሆኑ ከሳንጃ የመጣ መንገደኛ ነግሮኛል።

ስለ ስዕሉ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። ቢኖርም አልልክልሽም ነበር። የጉድጓዱን አፍ ዙሪያ በአፈር ከፍ አድርጊው፤ ማስጫውን በላስቲክ ሸፍኚው፤ ኖራ ካገኘሽ አትሰስቺ። ከኤሌክትሪክ ጋር ግን በእናትሽ ሞት አትነካኪ።

ሌላም የምጽፍልሽ ነበረኝ። ይቆየኝ።

አለምሰገድ

መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ አለምሰገድ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በላስቲክ ሸፍኚው ያሉኝን ሸፍኜ ነበር፤ ላስቲኩን በሦስተኛው ቀን ነፋስ ወሰደው፤ ግማሹን ከግራር ላይ አወረድን። ኖራ አግኝቻለሁ። አፈሩንም ከፍ አድርገናል፤ ዝናቡ እየናደው እንደገና እንቆልላለን።

ያልነገርኩዎ አለ። በግንቦት መጨረሻ አራት ልጆች ኮሌራ ይዟቸው ነበር። ሦስቱ ተረፉ። አራተኛዋ የመጂዳ ልጅ ሳሚያ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። መጂዳ የካርቱም ሴት ናት፤ የመጸዳጃ ቤቶቹን ጽዳት የምታስተባብር፣ በየማለዳው ከእኔ ጋር የምትዞር። ልጅቱን በቀበርን በማግስቱ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ሂጂ እረፊ ብላት «የት ሄጄ?» አለችኝ። በሽታው ከጉድጓዱ ይምጣ ከሌላ የሚያውቅ የለም። እሷም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ስዕሉ ጠፋ ብለዋል። ጋሼ፣ አምና ቤትዎ ስመጣ ሰማያዊውን ደብተር ከመደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ። ገልጬዋለሁም። ዋሽተውኝ አያውቁም ነበር፤ ለምን እንደዋሹኝ ግን ይገባኛል፤ የወንድሜ ነገር አሁንም ያመዎታል።

ስለዚህ ካየሁት በማስታውሰው ጀምሬያለሁ። በሽር የሚባል ከገዳሪፍ የመጣ በያጅ አለ፤ ሁለት ወፍራም ላሜራ ቆርጦልኛል፣ ከብየዳ ማሽኑም ኤሌክትሪክ እንወስዳለን። የትኛው ላሜራ ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጋቲቭ እንደነበረ ግን ጠፍቶኛል። ነዳጅ እንዳገኘን እንሞክረዋለን። አይስጉ፤ እንደ ደምለው አልቸኩልም።

ዝናሽ

ጎንደር፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዝናሽ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አሁን ነው። እንግዳው ነገ ንጋት ላይ ይነሳል፤ ይህን ይዞ ይሂድ ብዬ በሩ ላይ አስቁሜዋለሁ። አንብበሽ ሳትጨርሺ ማሽኑን እንዳትነኪው።

ወንድምሽ አልቸኮለም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሳልነግርሽ ማሽኑን ላስተምርሽ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለብሽ ስጽፍ እጄ ራሱ እዚያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሆነውን ስሚ።

ሰኔ 12 ቀን 2006 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑን የሚያዩ እንግዶች ከቢሮ ሊመጡ ነበር። ውሃው የሚጣራበት ጨርቅ ተደፈነ። ደምለው ማብሪያውን ራሱ አጠፋ፤ ማብሪያው ላይም «ሰው አለ» የሚል ካርቶን አንጠለጠለ፤ ከዚያ እጁን በላሜራዎቹ መካከል አስገብቶ ጨርቁን ያጥብ ጀመር። የእንግዶቹ መኪና ግቢ ሲገባ በመስኮት አየሁ። ካርቶኑንም አይቼዋለሁ። ከትናንት የቀረ መስሎኝ አነሳሁት። «ደምለው፣ ጨረስክ?» አልኩ። መልሱን ሳልጠብቅ አበራሁት።

ሲጠይቁኝ መብራቱ በርቶ ነበር አልኩ። «ተማሪው ሳያጠፋ እጁን አስገባ» ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩበት። ለቀብር ሳንጃ ስወርድ እናትሽ እጄን ይዘው «ልጄ ከጥንትም ችኩል ነበር፤ እርስዎንም አስቸገረዎ» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ዝናሽ። እኔም ይቅርታቸውን ተቀብዬ ተመለስኩ። ይኸው አስር ዓመቴ።

አሁን ማሽኑን ልንገርሽ፤ እባክሽ በቂም አታንብቢው። ማብሪያውን ሳጥን ውስጥ ቆልፊው። ቁልፉ አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱንም እጁን የሚያስገባው ሰው አንገቱ ላይ ያንጠልጥለው። አጥፍቼዋለሁ የሚልሽን ሰው አትመኚ፤ እኔን የመሰለ ሰው ቢሆንም።

የዝቃጩ ቅንጣት ኔጋቲቭ ነው፤ የያዘው ውሃ ደግሞ ወደ ኔጋቲቩ ላሜራ ይሳባል። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ላሜራና ጨርቁ በኔጋቲቩ በኩል ይሁኑ። በፖዘቲቩ በኩል ያለው ላሜራ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ወፍራሙን እዚያ አድርጊ። ዝቃጩን ከሦስት ጣት በላይ አታወፍሪው። በመኪና ክሪክ ቀስ እያልሽ ተጫኚው። ጋዝ ስለሚወጣው ከቤት ውስጥ አትሥሪ፤ ሲጋራ የሚያጨስ አይቅረብ። አምፔሩ ሲወርድ አጥፊ፤ ከዚያ በኋላ ነዳጁ የሚሄደው ለሙቀት ብቻ ነው። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እንዳይመስልሽ፤ ክሎሪን ጨምረሽበት ከጅረቱ ርቆ መሬት ይስረግ።

ከደብተሩ ስዕሉን ቀድጄ ልኬልሻለሁ። በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች የደምለው ናቸው።

አለምሰገድ

መተማ ዮሐንስ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ደብዳቤዎ ሰኔ 27 ደርሷል። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ገና አልሞከርንም ነበር።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ስዕሉን ተከትለናል። ለጨርቅ የሰሊጥ ጆንያ በሁለት አነባብረናል። በስልሳ ቮልት ጀመርን፤ ውሃው ወጣ። ነገር ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምፔሩ ይወርዳል፤ ስንከፍተው በጨርቁ በኩል ገና ጭቃ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጉድጓዱ አንድ ክንድ ቀርቶታል።

በጀርባው ሁለት ጥያቄ ጽፌያለሁ።

ዝናሽ

ጎንደር፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዝናሽ፤

ሰላምታ አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጽፍም።

በፖዘቲቩ በኩል ያለው ዝቃጭ ቀድሞ ይደርቅና ከላሜራው ይላቀቃል፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል። ክሪኩን አንዴ አጥብቃችሁ አትተዉት፤ በየአምስት ደቂቃው ትንሽ ጨምሩ። ከመዝጋታችሁ በፊት ላሜራውን በዚያው በዝቃጩ ውሃ አርጥቡት። ጆንያውን አንድ ብቻ አድርጉት፣ ሁለቱ በዝቷል።

በደብዳቤሽ ጀርባ፣ ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ ብለሽ ጠይቀሻል። «ይቆዩ፣ ጋሼ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እጄ ማብሪያው ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት እንኳ አንቱታውን አልተወም፤ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ያስተማርኩሽ፣ ሥራ ያስቀጠርኩሽ፣ በየበዓሉ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር ወይ የሚለው ነው። መጀመሪያ አዎ። በኋላ ሌላ ሆነ። እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም።

አለምሰገድ

መተማ ዮሐንስ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ አለምሰገድ፤

እንደነገሩኝ አደረግን። ሠራ።

መጀመሪያ በቀዳዳዎቹ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ እንደ ክር ሆኖ ወረደ። በሽር «ሞያ! ሞያ!» እያለ ጮኸ። በእሱ አገር ውሃ ማለት ነው፤ እኔ ግን በእኛው «ሙያ» ያለ መስሎኝ ሰምቼው አለቀስኩ። ስንከፍተው ከዘይት መጭመቂያ እንደሚወጣ ፋጉሎ ደረቅ ብሎ ተነሳ። ከአንድ በርሜል ዝቃጭ የቀረው አንድ ጆንያ አልሞላም። ምንይችል የሚባል የሰሊጥ ገበሬ ትራክተሩን ሰጠን፤ በኖራ ለውሰን፣ ከማሳውም ከውሃውም ርቆ ባለ ጠፍ መሬት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብረዋለን። በኬላው የሚቆሙት ሰዎች ምንድን ነው ብለው ተሳቢውን አስቆሙት፤ አንዱ ጆንያ ፈትቶ አሸተተ። ከዚያ ወዲህ አስቁመውን አያውቁም።

ጨርቁን የምታጥበው መጂዳ ናት። ሌላ ሰው ይሥራው ብዬ ነበር። «ይህን ነገር በእጄ ልጭመቀው» አለችኝ። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስሬላት ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። እሷ እጇን አውጥታ ቁልፉን እስክትሰጠኝ ድረስ ከፊቷ አልነቃነቅም። በቀን አስር ጊዜ እንዲህ ነው። ደምለው ፊት ለፊት የሚቆምለት ሰው አልነበረውም።

መቼ ትመጫለሽ ብለው በእንግዳው ልከውብኛል። መንገዱ ቢከፈትም ዝቃጩ እስኪያልቅ አልመጣም፤ መንገዱ ደግሞ አልተከፈተም። እኔ ቀርቶ እንቅልፌ እንኳ ከዚህ ግቢ አይወጣም። በህልሜም ክሪክ ነው የማዞረው። እዚህ ቁጭ ብዬ እርስዎን እጠላዎታለሁ፤ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ደግሞ ጋሼን ልጠይቅ እላለሁ። ሁለቱንም መተው አልቻልኩም።

ይቅር በይኝ አላሉኝም፤ ደግ አደረጉ። የሚጠየቀው ከእኔ አይደለም። እናቴ አስር ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ «ችኩሉ ልጄ» እያለች አወራች። ሄደው ይንገሯት። ደብዳቤ አይላኩ፤ ማንበብ አትችልም፤ በሌላ ሰው አፍ እንድትሰማውም አልፈልግም። እኔ ብችል እሄድ ነበር። እርስዎ እግር አለዎት።

ዝናሽ

ሳንጃ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዝናሽ፤

መጥቻለሁ። ሁለት ቀን በእህል መኪና፣ የቀረውን በእግሬ። የጉልበቴን ነገር አልነግርሽም።

እናትሽ በር ላይ ሲያዩኝ «አንቱ! በዚህ ዝናብ!» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁልኝ። አስቀመጡኝ። እግሬን ላጥብ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ወይዘሮ አሰበች፣ መጀመሪያ ልናገር» አልኩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑን፣ እንግዶቹን፣ ፊርማዬን። «ይቆዩ፣ ጋሼ» ያለውንም።

ውሃው በሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ። ከዚያ፣

«መብራቱን አጥፍቶት ነበር?» አሉኝ።

«አጥፍቶት ነበር።»

«ምልክቱን አድርጎ ነበር?»

«አድርጎ ነበር።»

«ስለዚህ ልጄ አልቸኮለም?»

«አልቸኮለም።»

ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱና ጎረቤታቸውን ዘሀቢያን ተጣሩ። «ዘሀቢያ! ስሚ! ደምለው አልቸኮለም! አጥፍቶት ነበር!» አሉ። ቀጥለው የወዲያ ማዶዋን ተጣሩ። በዝናቡ ውስጥ ከአጥር አጥር እየሄዱ ይህንኑ ተናገሩ። እኔ ተንበርክኬ እንደቀረሁ ነበር። ሲመለሱ ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ቁልቁል አዩኝና «ተነሥ፤ እግርህን ታጠብ» አሉኝ። በሃያ ዓመት ትውውቃችን አንተ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ይቅር አለችዎ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። አላሉኝም። በማግስቱ ልሄድ ስነሣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ይኸው አስራ አንድ ቀኔ። የተኛሁት በደምለው አልጋ ነው፤ ሌላ አልጋ የላቸውም። ሞሰብ አቅርበው ይወጣሉ፤ ስጨርስ ገብተው ያነሳሉ። ሌላ ቤት ልፈልግ ስላቸው «የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ» አሉኝ። ውሃ እቀዳለሁ፤ አጥር አጥራለሁ። ቀኑን ሙሉ አይናገሩኝም። ስለ ደምለው ብቻ ይጠይቁኛል፤ በክፍል ውስጥ የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ይስቅ እንደሆነ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።

አለምሰገድ

ሳንጃ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዝናሽ፤

እኔ እናትሽ አሰበች ነኝ። የጻፍሽውን ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ከነበሩ ሰዎች አንዱ አመጣልኝ። እንኳን አደረሰሽ። ጉድጓዱ ጎደለ ማለትሽ ደስ አሰኘኝ። መንገዱ እንዳልተከፈተ እኔም አውቃለሁ፤ እዚህም አልተከፈተም።

ይህን የሚጽፍልኝ ሰውዬው ነው። ጸሐፊ አጥቼ አይደለም፤ የዘሀቢያ ልጅ ትጽፍልኝ ነበር። እሱ ራሱ ይጻፈው ብዬ ነው። የምለውን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ይቅር አልሽው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንቺም እንዳላልሽው፣ ከመጥላትም ከመጠየቅም መውጣት እንዳቃተሽ ጽፈሻል። ቄሱም በየሳምንቱ እየመጡ ይቅር በይው ይሉኛል። ልንገርሽ ልጄ። የደምለውን መቃብር በየወሩ እጎበኝ ነበር። ሄጄ የምለው አንድ ነገር ነበር። «ምን አስቸኮለህ? እኔን ሳታስብ ምን አስቸኮለህ?» እለው ነበር። አስር ዓመት እንዲህ ብዬ ወቀስኩት። ሌላ ልጅ ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር እንደ ደምለው እንዳትሆን እል ነበር። የሞተ ልጅ አይመልስ።

ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። ይህን ሰው ይዤው ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቁም አልኩትና ብቻዬን ገባሁ። ተደፍቼ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁ። አላመንኩህም፣ የሰውን ወረቀት አመንኩ አልኩት። እሱ ይቅር እስኪለኝ ድረስ ሌላውን ይቅር ለማለት ምን አፍ አለኝ? ተራ አለው። መጀመሪያ የእኔ ይድረስ። ከዚያ የዚህ ሰው ተራ ይሆናል፤ እስከዚያ ይጠብቅ፣ እዚሁ ይጠብቅ፤ ውሃውንም ይቅዳ።

አንቺ ግን ይህን ሥራሽን ያዢ። ያቺን ልጇን የቀበረችውን ሴት ሰላም በያት። ስትሠራ ፊት ለፊቷ መቆምሽን አትተዪ። ቸኩዪ የሚልሽ ቢመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወንድሜ አልቸኮለም በዪው።

ጻፍከው? አልኩት። ጽፌዋለሁ አለኝ። ጮክ ብለህ መልሰህ አንብብልኝ አልኩት፤ ጎረቤት ይስማው።